ያልተቀበልኩት ወሬ

ቀኝ ጆሮዬ መጀመሪያ የከዳኝ ሰመራ ላይ፣ ለሐኪሞች በማስተረጉምበት ክፍል፣ ነፋሱ አሸዋ ይዞ መስኮቱን ሲደበድብ በነበረበት አንድ ጠዋት ነው። አንዲት አሮጊት ወገቧን ይዛ ስታወራኝ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ግን ከውሃ ሥር የሚመጣ ሆነብኝ። ነፋሱ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ነፋሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ያህል ሰው ሳያውቅብኝ በግራ ጆሮዬና በዓይኔ ሠራሁ። አንድ ቀን ግን አንድ አባት የነገረኝን ግማሹን ከራሴ እንደሞላሁት ገባኝ። በዚያው ቀን ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ «ልውጣ» አልኩ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ጡረታሽ ገና ነው እኮ። መጋዘን ልመድብሽ?» አለኝ።

«መጋዘን ውስጥ ማን ያናግረኛል? ቤቴ ይሻለኛል።»

ወረቀቱ ሁለት ወር ፈጀ። ስለ ወረቀትና ስለ ደመወዝ ይኼው ይበቃል። ከጽዳት ተነሥቼ አስተርጓሚ ሆኜ፣ ከአስተርጓሚነትም የሐኪም አስተማሪ ሆኜ የኖርኩበት ሥራ እንዲህ አለቀ።

ስሰናበት ዶክተር ሰላም የምትባል፣ አፋርኛ ያስተማርኳት ሐኪም፣ አዲስ ደብተር ሰጠችኝ። «የምታውቂውን ጻፊልን፤ ለሚመጡት ይጠቅማል» አለች። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ደግሞም ከጻፍኩ የማልወደውን መጻፌ ነው። ደብተሩን ቁም ሣጥኑ ላይ ጣልኩት።

ለመጻፍ ያስነሣኝ ሌላ ነው። በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ልጄ ሐያት መሆኗን ከሰው አፍ ሰማሁ። ሳትነግረኝ ተወዳድራ፣ ሳትነግረኝ ተፈትና አልፋለች። ሰኞ ትጀምራለች። እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። በእኔ ጥፋት አንዲት ልጅ ሞታለች። የልጅቷ እናት ደግሞ ከኋላዬ የሆነ ነገር ተናግራለች፤ እኔ አልሰማሁም። እርግማን ነው ብዬ፣ ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የነበረችውን ሐያትን በፍርሃት ወለድኳት፣ በፍርሃት አሳደግኳት። እንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ልንገራት ወይስ ልተወው? ሳምንቱን ሙሉ ያንከራተተኝ ይህ ነው።

የተወለድኩት አዋሽ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከነበሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ። አባቴ ከወሎ ወርዶ ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። ጎረቤቶቻችን ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቧንቧ ላይ ይሰለፋል። እኛ ልጆች ቋንቋን የምናውቀው እንደ ቦታ ነበር። ወተት ይዘው የሚመጡት የከረዩ ሴቶች የሚቀመጡበት ግንብ ሥር ኦሮምኛ ነው። ባቡሩ ሲቆም ጨርቅ በወገባቸው ጠቅልለው የሚወርዱት ሴቶች ያሉበት ፉርጎ አጠገብ ሶማሊኛ ነው። ቁርዓን ቤት ዓረብኛ ነው። አለቆቹ በረንዳ ላይ ቆመው ሲቆጡ ፈረንሳይኛ ነው፤ አባቴ ሲናደድ ያንን ቤት ድረስ ይዞት ይመጣ ነበር። ከሐዲዱ ማዶ፣ ከብቱ አቧራ እያስነሣ ወደ ወንዙ በሚወርድበት በኩል ደግሞ አፋርኛ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ያ ሁሉ በቀትር ሙቀት ውስጥ እንደ ውሃ እየተንቀጠቀጠ ይመጣልኛል፤ ሰዎቹ እግር የላቸውም፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው ይሄዳሉ። አሮጌው ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ ነው፤ የማይሰማው ጆሮዬ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማዋል።

ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ሰው በማላውቀው ቋንቋ ሲነጋገር ስለ እኔ የሚዶልት ይመስለኛል። ስለዚህ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። እየሰማሁ ይገባኛል። ሲገባኝ ስለ ጨው፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አማች ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ያን ጊዜ ልቤ ዕረፍት ያገኛል። ሌላው ቋንቋ የሚማረው ወድዶ ይሆናል፤ እኔ ግን ፈርቼ ነው የተማርኩት።

ገበያ ስንወጣ እናቴ በክርኗ ትጎስመኛለች።

«አንቺ፣ ምን ይባባላሉ እነዚህ?»

«የግራዋ ወተት ውሃ ገብቶበታል፣ የቀኟን አታሳዪያት ትላለች።»

«ውሸታም!»

«ወላሂ እማዬ።»

እናቴ ጣቷን ወደ ቀኝ ስትቀስር ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲያዩ በጥቅሻ ይነጋገሩ ጀመር።

ትዳር የያዝኩት ከመኪና ሹፌር ጋር ነው። የሐያት አባት የጅቡቲን መንገድ እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ ቋንቋ ግን አይወድም። «እኔ በሦስት ቃል ነው ወደብ የምደርሰው፤ ውሃ፣ ናፍጣ፣ ወንድሜ» ይላል። እርሱ መንገድ ላይ ሲከርም እኔ ከአዋሽ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ጽዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። የጣቢያዋን ስም አልጽፍም፤ አሁን ያሉት ሰዎች ምንም አላደረጉም።

አንድ ቀን ወለል ስወለውል ሐኪሙ አንዲት አፋር ሴት ፊት ቆሞ ሆዱን በእጁ ክብ እያደረገ ያሳያታል። እርሷ ትስቃለች፤ እርሱ ይደግማል። አላስችል አለኝ።

«እርጉዝ አይደለሁም፤ የአምስት ልጆች አያት ነኝ፤ ይህ ልጅ ምን ነክቶታል ትላለች» አልኩ ከነመወልወያዬ።

በማግስቱ ወንበር ተሰጠኝ። መወልወያውንም አልተቀበሉኝም፤ ሁለቱንም ሠራሁ።

ማስተርጎም የምችል መስሎኝ ነበር። የማልችል መሆኔን የነገሩኝ አባ ሁመድ ናቸው። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን አፋር፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም ሐኪሙንም ፍየሏንም አንተ ነው የሚሉት።

«አባ ሁመድ፣ እኔ ሴት ነኝ፤ አንቺ ይበሉኝ እንጂ» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«አንቺ ስልህ ታንሳለህ» አሉኝ።

ከበር ውጭ አንድ ግራር ነበረ። ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ እርሱ ሥር ይቀመጣል። አባ ሁመድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን አጋድመው፣ ከፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ወሬ ይቀባበላል፤ ዳጉ ይሉታል። ከየት እንደተነሣ፣ የት እንዳደረ፣ ውሃ የት እንዳገኘ፣ ማን እንደታመመ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየ፣ ሰውየው ሳይጨምር ሳይቀንስ በተራው ይናገራል። ሰሚው አያቋርጥም። ሲያበቃ የራሱን ይሰጣል። የተቀበለውንም ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ ያደርሳል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን አንድ ነገር አዋሽ ላይ ቢሆን ዱብቲ የሚሰማው በዚህ ነው፤ ስልክ መጥቶም ዳጉ አልቀረም።

አባ ሁመድ ደግሞ የራሳቸው ልማድ አላቸው። ሰውየው አንድ ነገር ተናግሮ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አንድ ጠጠር ከአጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ጨርሶ ዝም ሲል ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሡ የተባለውን ሁሉ ለራሱ ለሰውየው መልሰው ይሉለታል። አንድ ጠጠር ሳይነሣ ከቀረ ሰውየው በዓይኑ ያሳያቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ተነሥተው ሐኪሙ ጋ የሚገቡት። እኔ ግን በሽታ የምትል ቃል ስሰማ እመር ብዬ እነሣ ነበር።

«አንተ ዘሃራ፣ ተቀመጥ።»

«ገባኝ እኮ አባ ሁመድ። ደረቱን ነው ያመመው።»

«ቃል ገብቶሃል። ሰውየው ገና መንገድ ላይ ነው፤ አንተ ቤቱ ደርሰህ፣ በር ከፍተህ፣ ገብተህ ተኝተሃል።»

ተቆጥተው አያውቁም። ያስቀምጡኛል፣ ጠጠር ያሲዙኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተቀመጥኩ። ጥላው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲዞር፣ የሰዎቹ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲፈስ፣ እንቅልፍ ያልሆነ ግን እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይወስደኛል፤ እዚያው ተቀምጬ ያላየሁትን ጉድጓድ፣ ያልደረስኩበትን ተራራ አያለሁ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የሚናፍቀኝ እርሱ ነው።

የመጣብኝ ቀን አባ ሁመድ ቀብር ሄደው ነበር። የወባ ወቅት ነው፤ ግቢው ሞልቷል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ብቻውን ነው፣ እንቅልፍ አላየም፤ እርሱን አልወቅስም። አንድ ያሲን የሚባል አፋር የስድስት ዓመት ልጁን ፋጡማን አቅፎ ገባ። ልጅቷ ላብ አጥምቋታል፣ ከአፏ ለሃጭ ይወርዳል።

«ምን ሆነች? መቼ ጀመራት? እሱን ብቻ ጠይቂልኝ» አለኝ ሐኪሙ።

ያሲን ጀመረ። «ከሰፈር የተነሣነው ከትናንት በስቲያ ነው። ፍየል ልሸጥ፣ ይህችም ገበያ ልይ ብላ ተከተለችኝ። የመጀመሪያው ኩሬ ደርቋል። ሁለተኛው ላይ የአጎቴን ልጅ አገኘሁት፣ ግመሉ ወልዳለች...»

እኔም ሐኪሙን አየሁ፤ ሐኪሙ ሰልፉን አየ።

«አባቴ፣ የመንገዱን ተወው። ሕመሙን ብቻ ንገረኝ» አልኩት፤ በጥሩ አፋርኛ፣ አንድ ስህተት በሌለበት አፋርኛ።

ያሲን አየኝ። ከዚያ ፊቱ ተዘጋ። ወሬህን አልፈልግም የተባለ ሰው ምን ይላል? የተጠየቀውን መለሰ። «ትኩሳት። ትውከት። ከሌሊት ጀምሮ።»

ሐኪሙ የወባ መድኃኒት ጻፈ። ግራሩ ሥር አስተኛናት። ቀትር ላይ ፋጡማ ሞተች።

አባ ሁመድ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ተመለሱ። ሳይናገሩ ጫማቸውን አውልቀው ከያሲን ፊት ተቀመጡ። እኔ ከበሩ ሆኜ አያለሁ። አንድ ጠጠር። ሁለት። ሦስት። ሰባተኛውን ሊያስቀምጡ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ተነሡና ከፍየሉ አጠገብ የተቀመጠውን ነጭ ጀሪካን ከፍተው አሸተቱ። ያሲን ጥጥ እርሻ ዳር ተጥሎ ያገኘው ነው። አዲስ ነው፣ ጥሩ ነው፣ አጥቦ ውሃ ሞላበት። ውሃ ስለጠማት አስቀድሞ ለልጁ ሰጣት፤ እርሱ ጥቂት ነው የጠጣው። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ነው።

ሐኪሙ ጀሪካኑ ላይ የቀረውን የተላጠ ጽሑፍ አነበበ፣ ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ሄደ፣ ከፈተው፣ ቆመ። የመርዙ ማርከሻ መርፌ እዚያው ተቀምጧል። ያሲንም ማላብ ጀምሮ ስለነበር እርሱን ወጋው፤ ተረፈ።

ወሬው ቢሰማ ኖሮ ጀሪካኑ በተራው ይመጣ ነበር። ሰባተኛ ነበር። እኔ ሁለተኛው ኩሬ ላይ ቆረጥኩት።

በሦስተኛው ቀን አባ ሁመድ «ተነሥ፣ እንሄዳለን» አሉኝ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እስከ አንድ ቦታ በመኪና፣ ከዚያ በእግር የእነ ያሲን ሰፈር ደረስን። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየኝ፤ አንድም ሰው ክፉ አልተናገረኝም፤ ባይናገሩኝ ባሰብኝ። ያሲን ከፊቴ ተቀመጠና ወሬውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰጠኝ፤ ፍየሉን፣ ኩሬውን፣ የአጎቱን ልጅ፣ ግመሏን፣ ጀሪካኑን፣ እኔን። «አስተርጓሚዋ የመንገዱን ተወው አለችኝ» ሲል እዚያው እኔ ፊት ነው የሚለው፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የፋጡማ እናት ከጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጣ ዓይኗን ከሆዴ ላይ አላነሣችም።

ለመሄድ ተነሥተን ጥቂት እንደራቅን ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ። ለእኔ ነው የምትናገረው። ሻሼን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጠቅጥቄ ፈጠንኩ። ሩጫ የሚባል ነበር።

መንገድ ላይ አባ ሁመድ ቆሙ። «ሴትዮዋ ተናገረች። ልንገርህ?»

«አይ አባ ሁመድ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይንገሩኝ።»

«እሺ። ያልተቀበሉትን ወሬ አልሰጥም። ያንተ ነው፤ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዳግም አላነሡብኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ሐያት ስትወለድ ጤነኛ ነበረች። እኔ ግን ስትተኛ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ነው የሚነጋልኝ። የሐያት አባት ሥራው ወደ ታች፣ ወደ ወደቡ፣ ሲበዛ ወደ ሰመራ ገባን፤ እኔም እዚያ ባለ ትልቅ ጤና ተቋም ተቀጠርኩ። ሰመራ ያን ጊዜ ገና ከአሸዋ ውስጥ እየወጣች ነበር። ሕንፃው ቀድሞ ይቆማል፣ ሰው ኋላ ይመጣል። ከደጋ አዳዲስ ሐኪሞች በየዓመቱ ይላኩልናል፤ ፊታቸው በሙቀት እንደ በርበሬ ይቀላል፣ «ቋንቋውን አስተምሪን» ይላሉ። ሥራዬ ሳላስበው ማስተማር ሆነ።

ዶክተር ሰላም እስክሪብቶዋን ይዛ መጣች። «ያማል ምን ይባላል? ሆድ? ራስ?»

«ደብተሩን አጥፊ። መጀመሪያ መቀመጥ ትማሪያለሽ።»

«መቀመጥማ እችላለሁ እኮ ዘሃራዬ።»

«አትችይም። ቅድም ያ ሽማግሌ ሲያወራ ሰዓትሽን ሦስት ጊዜ አየሽ፤ እርሱም ሦስቱንም አይቶታል።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አስነሥቼ ውጭ ጥላ ሥር ወሰድኳት። የመጀመሪያውን ሳምንት ቃል አልሰጠኋትም። ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚደመጥ፣ መቼ በትንፋሽ ብቻ እሺ እንደሚባል፣ እጅ የት እንደሚቀመጥ። ሁለተኛውን ሳምንት እኔ ወሬ እነግራታለሁ፤ እርሷ ጠጠር እያነሣች ትመልስልኛለች። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ኋላ በአፋርኛ።

«አምስት ጠጠር አስቀምጠሽ አራት ነው ያነሣሽው» እላታለሁ።

«አንዷ ምን ነበረች?»

«እኔ ምን አውቄ? በሽታው እዚያች ውስጥ ይሆናል።»

ትስቃለች። እኔ አልስቅም። ለምን እንደማልስቅ አልነገርኳትም። ከእርሷ በኋላም ብዙዎችን እንዲሁ አስተማርኩ፤ ለአንዱ ኦሮምኛ፣ ለሌላው ሶማሊኛ፣ ለሁሉም አፋርኛ። ከወሊድ ክፍል የሚወጣ ሐኪም በአፋርኛ ሴቲቱን እየሰማ ሳይ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ለአፍታ ይላላል።

ልጄን ግን አላስተማርኳትም። ይህንን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል። ያ ቋንቋ ያቺን ሴት ያመጣብኛል። ልጄ አፋርኛ ከተማረች አንድ ቀን ያንን ዓረፍተ ነገር ትሰማዋለች፣ ከሰማችው ይይዛታል ብዬ አሰብኩ። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ፋጡማ በነበረችበት ዕድሜ ማለት ነው፣ ከጨዋታ መጥታ በአፋርኛ ውሃ ስጪኝ አለችኝ። አፏን በመዳፌ ከደንኩት። ከመዳፌ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ፊት አንድ የአፋርኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። ውጭ ግን ተማረች፤ ከልጆቹ፣ ከገበያው፣ ዱብቲ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤተሰብ። አውቅ ነበር፤ እንደማላውቅ ሆንኩ።

ሥራ መያዟን ስሰማ አባቷን ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ዲቾቶ ሳለ፣ በስልክ አገኘሁት።

«ልንገራት ወይ?»

«ምኑን?»

ያኔ ነገርኩት፤ ለእርሱም የመጀመሪያው ነው። ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይጮሃል።

«ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ይዘሽው ነው?» አለኝ። ከዚያ «ንገሪያት» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐያት ነጭ ጋዋኗን እየተኮሰች ነበር። ነፋሱ በሩን ይገፋል። «ነይ፣ በዚህ በግራ በኩል ተቀመጪ» አልኳት። ካውያውን አቆመችና መጣች። ነገርኳት፤ የሥራ ዘመኔን ሁሉ ሌላውን ያስተማርኩትን ረስቼ፣ ፊቱን ከኋላ፣ ኋላውን ከፊት እያቀላቀልኩ። ልጅቷ ሞተች አልኩ፣ ከዚያ ጀሪካኑን፣ ከዚያ ሐኪሙን። እርሷ አላቋረጠችኝም። ጨረስኩ።

«ፋጡማ ነው አይደል ስሟ?» አለችኝ።

ስሟን አልነገርኳትም ነበር።

«እማ፣ እኔኮ አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዱብቲ፣ ከእነ ጓደኛዬ ጋር ቦይ ዳር ሆነን ጠማን። የተጣለ ጀሪካን አገኘሁና ውሃ ልቀዳበት ስል አንዲት ትልቅ ሴት ከእጄ ነጠቀችኝ። አስቀመጠችን። ከዚያ ወሬውን ሰጠችን። ከአዋሽ በኩል የመጣ ነው፤ ይህንን ያልሰማ ሰው ከጥጥ እርሻ ዳር ጀሪካን እንዳያነሣ ለሁሉም ይነገራል አለች። ያሲንን፣ ፋጡማን፣ አባ ሁመድን፣ ሁሉንም። ያንቺንም ስም።»

«የኔ ልጅ መሆንሽን አወቀች?»

«አላወቀችም። እኔም አልነገርኳት።»

«እና... እናትየዋ ከኋላዬ ያለችውስ?» አልኩ። «እሱም አለበት?»

ሐያት እግሯን አጣጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ በአፋርኛም ጀመረች። ልጄን በዚያ ቋንቋ ረዘም አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም።

«አስተርጓሚዋ ሰፈር መጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ልትሄድ ስትል የፋጡማ እናት ከኋላዋ ተናገረች። ሆድሽ ውስጥ ያለውን ልጅ ቋንቋችንን አስተምሪው፤ ስንናገር እስከ መጨረሻው የሚሰማን ሰው ይሁን አለቻት። አስተርጓሚዋ አልዞረችም። መልስ አልሰጠችም። ወሬው እዚህ ላይ ቆሟል።»

ነፋሱ በሩን ገፍቶ ከፈተው፤ ማናችንም አልተነሣንም። መዳፌን አየሁት፤ ያንን አፍ የከደንኩበትን።

«አልጨመርሽም?» አልኳት።

«አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌን ስትይዢው የነበረሽን ፊት አስታውሰዋለሁ። አንቺ እስክትጀምሪ ጠበቅሁ።»

አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ተወችኝ። ከዚያ ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«የፋጡማ እናት በሕይወት አለች?»

«ዱብቲ ያለችው ሴትዮ ስትነግረኝ ነበረች። አሁን አላውቅም። ሰኞ ከአዋሽ በኩል የመጣ ሰው ካለ እጠይቃለሁ። መልስ ካለሽ ይወስድልሻል።»

አስተምሬያታለሁ በይልኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዳጉ ግን እንዲህ ያለውን አይቀበልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን በአፋርኛ አናገርኳት።

«እንዲህ በይልኝ። ዘሃራ ያን ቀን የሸሸችው ፈርታ ነው። የተነገራትን ዛሬ ነው የተቀበለችው። ልጇን አላስተማረቻትም፤ እንዲያውም ከልክላታለች። ልጅቷ ራሷ ተማረች። ሐያት ትባላለች። ከሰኞ ጀምሮ ሰመራ በእናቷ ወንበር ላይ አለች።»

ሐያት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ዝም ስል፣ ያልኩትን ሁሉ መልሳ ለራሴ አለችልኝ። ከለከለቻት ያልኩትንም አልዘለለችውም።